ሸክምና ማደሪያ

ከመንዝ ወይም ከግሼ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ባሕር ይወርድ የነበረ የጥንት መንገደኛ ከቤቱ የሚወጣው ጥቂት ነገር ይዞ ነበር። ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ፥ መያዣው የፍየል ቆዳ ስልቻ፥ ምርኩዙ በትር፥ ለብርዱ በመንዝ በግ ጠጕር የተሠራ ዝተት፥ ለዝናቡ ከሣር የተጐነጐነ ገሣ፤ ይህ ነው ዕቃው ሁሉ። ስንቁን የምታሰናዳለት ግን የቤቱ እመቤት ነበረችና፥ ገብሱን ቆልታ ስትፈጭ አንድ ከባድ ስሌት በእጅዋ ነበር። በሶው ካነሰ ልጅዋ ሳምንት ሳይሞላው በሰው ደጅ ይቆማል፤ ከበዛ ደግሞ ዳገቱ ጀርባውን ይሰብረዋል፥ ሽፍታውም ከሩቅ ያየዋል። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚሄድ ሰው እስከ ምጥዋ ድረስ ብቻ አያሌ ሳምንታት ይሄድ ስለ ነበረ፥ የትኛዋም እናት የመንገዱን ሁሉ ስንቅ አሰናድታ ልትሰጠው አይቻላትም ነበር። የጐደለውን የሚሞሉት በየመንደሩ የማታውቃቸው ሌሎች እናቶች ናቸው።

ዛሬ በመንዝ ጓሳ ሣር መካከል ትልቅ የጀርባ ሻንጣ አዝለው፥ ድንኳናቸውን ጠቅልለው፥ ለደስታ ሲሉ በእግራቸው የሚጓዙ ሰዎች ይታያሉ። ከእነዚህ መካከል ባሕር ያለውን አገር ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ዞረው፥ ከዓመታት በኋላ ጉዞአቸውን መለስ ብለው የሚያወጉ አሉ። እንዲህ ያለውን ወግ ማንበብ እንወዳለን። ነገር ግን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት፥ አገራችን ራስዋ እስከ ባሕር ትደርስ በነበረበት ዘመን፥ እርስዋን በእግሩና በበቅሎ የዞረ አንድ ሰው ከጻፈው የሚበልጥ እስካሁን አላጋጠመንም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

በ1520 በፋሲካ ሰሞን የፖርቱጋል መርከቦች ምጥዋ ደረሱ። ያን ጊዜ ባሕረ ነጋሽ የተባለው ሹም ድባርዋ ተቀምጦ የባሕሩን አገር ያስተዳድር ነበር። የመልእክተኞቹ አለቃ ሮድሪጎ ዴ ሊማ ይባላል፤ አብሮት ከወረዱት አንዱ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ቀደም ብሎ ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ልከውት የነበረው ማቴዎስ ከእነርሱ ጋር ተመልሶ ነበር፤ ነገር ግን ደጋውን እንደ ወጡ በደብረ ቢዘን አካባቢ ዐረፈ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው የሞተባቸው እንግዶች፥ ከባሕር እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር፥ ማለት እስከ ሸዋ፥ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ ተጓዙ።

ስድስት ወር ያህል የፈጀባቸው ርቀቱ ብቻ አልነበረም፤ ሸክሙም ነበረ። ለንጉሡ የመጣው እጅ መንሻ ሰይፍና ጩቤ፥ ሥዕል የተሸመነባቸው የግድግዳ መጋረጃዎች፥ የብረት ልብስ፥ ትንንሽ መድፎች፥ የዓለም ካርታ፥ ኦርጋን የሚባል የዜማ መሣሪያ ነው፤ ለመንገድ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ነበራቸው። ኦርጋን ተሸክሞ የሐበሻን ዳገት መውጣት ምን እንደሚመስል ዳገቱን የሚያውቅ አንባቢ ይፍረድ! የንጉሥን እንግዳ ዕቃ የየአገሩ ሕዝብ እስከ ወሰኑ ተሸክሞ ለሚቀጥለው ማስረከብ ግዴታው ነበርና፥ በየወሰኑ ዕቃው በሜዳ ተቈልሎ፥ አዲስ ተሸካሚ እስኪመጣ መልእክተኞቹ ቀን ይቈጥሩ ነበር። አልቫሬዝ በዚህ ነገር ደጋግሞ ያማርራል። በዚህ ላይ ግን እኛ ከእርሱ ጋር አንስማማም። ወራቱ ክረምት ነበረ። ገበሬው አረሙንና እርሻውን ትቶ የማያውቀውን ሰው ኦርጋን በጭቃ ላይ እንዲጎትት ሲጠየቅ እግሩን ቢጎትት፥ እኛ ሰነፍ አንለውም።

እንግዶቹ ከአማራ ወደ ሸዋ የተሻገሩበት ሸለቆ በመጽሐፉ ውስጥ ከማይረሱት አንዱ ነው። በአፋፉ ላይ በር ተሠርቶ፥ በር ጠባቂዎች ከአላፊ አግዳሚው ቀረጥ ይቀበሉ ነበር። የአንዱን መተላለፊያ ስም አልቫሬዝ በፖርቱጋል ፊደል እንደ ሰማው ጽፎ፥ ትርጕሙ የአህዮች ሞት ነው ይላል። ስሙን የምናውቀው ነው፤ «አህያ ፈጅ» ማለቱ ነው። ይህን ስፍራ ከወንጪትና ከጀማ ገደሎች ጋር የሚያያይዙት ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። የመርሐ ቤቴ ሰው እነዚህን ሁለት ወንዞች ለማወቅ ሊቃውንት አያስፈልጉትም፤ ወንጪት በሰሜን፥ ጀማ በደቡብ አገሩን እንደ ቦይ ከበውት፥ ተገናኝተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። መንገደኛው ጧት ዝተቱን ተከናንቦ ከደጋው አፋፍ ይነሣል፤ ቀትር ላይ በወንዙ ዳር ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ ማታ ደግሞ በማዶው ደጋ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል። ያንኑ ሸክም በአንድ ቀን ቆላ አውርዶ ደጋ ማውጣት አለበት። ስሙን ያወጣለት ሰው ስለ አህያው ብቻ መናገሩ ያስገርመናል፤ አህያው ገደል ውስጥ ሲወድቅ ጭነቱ ወደ ማን ጀርባ እንደሚዛወር አልተናገረምና።

አልቫሬዝ ሌላም ነገር አስተውሏል፤ ይህ ለቤት እመቤቶቻችን ይጥማቸዋል ብለን እናስባለን። በአገሩ ገንዘብ ሆኖ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው፥ ከሚወጣበት ቆላ እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው ይጨምራል። በጨዉ ምድር አጠገብ ብዙ አሞሌ የሚሰጥበት ጥቂት ወርቅ፥ ንጉሡ ዘንድ ሲደርስ የሚገዛው ጥቂት አሞሌ ብቻ ነው። የዋጋው ልዩነት የተሸካሚው ላብ ነው ማለት ይቻላል። በመንዝ ድስት ውስጥ የምትገባ አንዲት ቁንጥር ጨው የስንት ሰው ጀርባ አልፋ እንደ መጣች የጥንት እናቶቻችን ያውቁት ነበርና፥ ጨው በከንቱ ሲፈስ ማየት አይወዱም ነበር።

ቄሱ በአገራችን ስድስት ዓመት ተቀመጠ። በየገዳሙ ተቀበሉት፤ ስለ ጾማችን፥ ስለ ጥምቀታችን፥ ስለ ቅዳሴያችን ያየውን ጻፈ፤ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ፥ አገሬ ገብቼ ብናገር የሚያምነኝ የለም ብሎ ሠጋ። አንዳንድ ሥርዓታችን አልገባውም፥ በአንዳንዱም ተከራክሯል፤ ቢሆንም ማደሪያ አልተከለከለም። በ1526 ከምጥዋ በመርከብ ሲሄድ አባ ጸጋ ዘአብ የንጉሡ መልእክተኛ ሆነው አብረውት ሄዱ። የአልቫሬዝ መጽሐፍ በ1540 በሊዝቦን ታተመ።

በዚያው በ1540 አንድ ሌላ መጽሐፍ በሎቫን ከተማ ወጥቷል፤ ያሳተመው ዳሚያው ዴ ጎይሽ የተባለ ፖርቱጋላዊ ሊቅ ሲሆን፥ በውስጡ አባ ጸጋ ዘአብ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖትና ሥርዓት የጻፉት ቃል ይገኛል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያነበበ ሰው ልቡ ይነካል። አልቫሬዝ በእኛ አገር ሲቀድስ ኖረ፤ አባ ጸጋ ዘአብ ግን በፖርቱጋል ሊቃውንት ዘንድ ስለ ሰንበት፥ ስለ ግዝረትና ስለ መብል እየተጠየቁ ዓመታት አሳለፉ፥ ከቅዱስ ቍርባንም ተከለከሉ። እንደ አረማዊ መቈጠራቸው ያሳዘናቸው መሆኑን ራሳቸው በጽሑፋቸው ገልጸዋል። የዴ ጎይሽም መጽሐፍ በፖርቱጋል እንዳይሸጥ ተከለከለ። ባሕር ተሻግረው ሲሄዱ የሸክማቸው ክብደት ብዙ አልነበረም፤ ማደሪያ ግን አጡ፤ ለካህን ከመሠዊያው አጠገብ የተሻለ ማደሪያ የለውምና። የአልቫሬዝን ጉዞ የሚያነቡ ሁሉ የእርሳቸውንም ቢያነቡ እንመኛለን።

አሁን ወደ መንዝና ወደ ግሼ እንመለስ። በ1842 በመጋቢት ወር ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከአንኮበር ተነሣ። በ1839 በታጁራ በኩል መጥቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር፤ ስለ ትምህርቱ እዚህ አንከራከርም፥ መንገዱን ብቻ እንከተለዋለን። ሐሳቡ በጎንደር አድርጎ ወደ ባሕር መውረድ ነበር። የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው መንዝን ያስተዳድሩ ነበርና፥ በእርሳቸው በኩል አለፈ፤ ከዚያም የመንዝንና የግሼን ደጋ አቋርጦ ወሎ ገባ።

በወሎ አዳራ ቢሌ የተባለ ባላባት መጀመሪያ በደኅና ተቀብሎ ሸኘው። ክራፕፍ ጥቂት ከሄደ በኋላ በፊቱ ያለው መንገድ በጦርነት ምክንያት አደገኛ እንደ ሆነ ሰምቶ፥ ወደሚያውቀው ቤት ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ያ ቤት እስር ቤት ሆነበት፤ ዕቃውን፥ ገንዘቡን፥ ከብቱን ሁሉ ተቀማ። ዘረፋ በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም። ይህን ክፉ የሚያደርገው እንጀራውን ቈርሶ የሰጠው እጅ ራሱ መልሶ መቀማቱ ነው። በእኛ አገር ባህል፥ ክርስቲያኑም እስላሙም ዘንድ፥ የቤት እንግዳ ገበናን የተጠጋ ሰው ነው፤ ሽፍታ እንኳ ሊዘርፍ ያሰበውን ሰው ከቤቱ ሲርቅ እንጂ በምድጃው አጠገብ አይነካውም ይባላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን የክራፕፍን ጉዞ ነው እኛ ደጋግመን የምናነበው። ባዶ እጁን ሆኖ፥ ማደሪያና ምግብ እየለመነ፥ ወሎንና ትግሬን አቋርጦ፥ ከአንኮበር በተነሣ በሁለት ወር ያህል ውስጥ ምጥዋ ደረሰ። አንዳንዱ ደጅ ተዘጋበት፤ አንዳንዱ ግን ተከፈተለት፥ ባይከፈትለትማ ኖሮ ባሕሩን ባላየ ነበር። የፖርቱጋሎቹ ጓዝ ስድስት ወር ፈጅቶበት የነበረው የደጋና የባሕር መንገድ፥ የተዘረፈ ሰው በሁለት ወር ጨረሰው፤ ዘረፋን የምናመሰግን እንዳይመስልብን እንጂ፥ ይህም ሊታሰብበት ይገባል። ማስታወሻው በ1843 በለንደን ታተመ።

ዛሬ ጀማን የሚሻገረው ሰው በድልድይ ነው፤ ከዓለም ከተማ የተነሣ መኪና አህያ በማይወጣው ገደል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደውም እንዲሁ በመኪና ይሄዳል። ባሕሩ ደግሞ ከ1993 ወዲህ የሌላ አገር ሆኗል። ለስንቅ በሶ የሚያሰናዳ ቤት ባይጠፋም፥ ስንቁ የሚሄደው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ላለ ተማሪ ነው።

ሆኖም ሸክም አዝሎ በእግር መሄድ ከእነዚህ ደጋዎች ጠፍቷል እንዳይባል፥ በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ በዘለቀ ጊዜ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ቤታቸውን ጥለው የተሰደዱት ሰዎች ስንቅ ለማሰናዳት ጊዜ አላገኙም፤ ያዘሉት ልጅ ነበር፥ ወይም በእጅ የገባ አንድ ነገር። ደብረ ብርሃን፥ ከዚያ በፊትም በኋላም ከሩቅ ተፈናቅለው የመጡ አያሌ ሰዎችን የተቀበለች ከተማ፥ እነዚህንም ተቀበለች። በመጠለያ ያደሩ ነበሩ፤ በዘመድ ቤት፥ ዘመድም ባልሆነ ሰው ቤት የተጠጉ ነበሩ። በዚያ ብርድ ለአምስት የታሰበውን እንጀራ ለዐሥራ አንድ ማካፈል ምን እንደሚጠይቅ ያካፈሉት ያውቁታል።

ከእነዚህ መንገደኞች አንዱ ወይም አንድዋ ከዓመታት በኋላ ጉዞውን መለስ ብሎ አስቦ መጽሐፍ ቢጽፍ፥ አልቫሬዝንና ክራፕፍን ካነበብንበት ትጋት በበለጠ ልናነበው እንወዳለን። ስለ መንገዱ ርዝመትና ስለ ገደሉ የሚናገረውን ምዕራፍ አንዘለውም፤ በመጀመሪያ የምንፈልገው ግን በየትኞቹ ቤቶች እንዳደሩና በሩን የከፈተላቸው ማን እንደ ነበረ የሚናገረውን ገጽ ነው።