ላይሰንሱ ድንበር ይሻገራል፤ ቤቱስ?



በቅርቡ አንድ ባልና ሚስት ቤታችን መጥተው ነበር። እሱ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነው፤ ከአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር የሥራ ጥሪ ደርሶታል። እሷ ቡናዋን ሳትቀምስ አቀዝቅዛው፣ «ሂድ እንዳልለው የልጆቹን ነገር ፈራሁ፤ ቅር እንዳልለው ደግሞ ነገ ይወቅሰኛል ብዬ ሰጋሁ» አለችኝ። እኔም ስለ ሙያው እምብዛም ስለማላውቅ መጀመሪያ እሱን ጠየቅሁት።

ሥራው የሚመራው በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ ስለሆነ ከአገር አገር ይሻገራል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የቋንቋ መመዘኛ ስድስት እርከኖች አሉት፤ ዓለም አቀፍ በረራ የሚያስተናግድ ሰው ቢያንስ አራተኛውን ማግኘት ይኖርበታል። በሩ ግን በሁሉም ቦታ አልተከፈተም። አሜሪካ ለመንግሥት የተቆጣጣሪነት ሥራ ዜግነት ትጠይቃለች፤ እንደ ተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶችና ኳታር ያሉት ግን የውጭ አገር ባለሙያዎችን ይቀጥራሉ።

ያልጠበቅሁት ነገር ከዚህ በኋላ ነገረኝ። ላይሰንስ ያለው ሁሉ በደረሰበት ማማ ላይ ወጥቶ መሥራት አይችልም። ሬቲንግ የሚባለው ፈቃድ ከቦታው ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ሰው እንኳ አዲሱን የአየር ክልል አጥንቶ፣ በአሠልጣኝ ሥር ሠርቶ፣ ተፈትኖ ማለፍ አለበት። ሥራውን ካቋረጠ ደግሞ ሬቲንጉ ይወድቃል፤ ዓለም አቀፉ ደንብ ለዚህ የሰጠው የመጨረሻ ገደብ 6 ወር ነው። ወደ አገሩ ሲመለስም እንደገና መሠልጠን ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ሚስቲቱ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ፣ «ታዲያ ፈተናውን ባታልፍስ?» አለችው። እሱ ዝም አለ። ይህን ከማንም ጋር አልተነጋገረበትም ነበር።

እናንተም እንዲህ ያለ ጥሪ ከደረሳችሁ፣ የአገር ቤቱን ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት አብራችሁ ተቀምጣችሁ ጠይቁ። ሥልጠናውን ባያልፍ ውሉ ምን ይላል? ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የአውሮፕላን ቲኬት በውሉ ውስጥ አሉ? ቤተሰብ መቼ መግባት ይችላል? ደመወዙ የገቢ ግብር ባይቆረጥበትም፣ የጡረታው ነገር እንዴት ይሆናል? ሥራው ሌሊትም በዓልም በፈረቃ ነውና፣ እሱ ቀን ሲተኛ ልጆቹን ማን ይይዛል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።

እነዚያ ባልና ሚስት ያን ዕለት አልወሰኑም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን መልሱን በጽሑፍ ይዘው መጡ። እሱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ፈተናውን ሲያልፍ እሷና ልጆቹ ይከተሉታል። በአንድ ዓመት ውስጥ መከተል ካልቻሉ እሱ ይመለሳል። ቀኑን ሁለቱም በማስታወሻቸው ላይ ጽፈውታል።

እኔ ከሙያው ደንብ ይህን ተማርሁ፦ ስድስት ወር ከቦታው የራቀ ተቆጣጣሪ የቀድሞውን ማማ እንኳ እንደ አዲስ ይማራል። ከቤቱ የራቀ አባትም እንዲሁ ነው። አባትነቱ አይሻርም፤ የልጆቹን ጠባይ፣ የሚስቱን ድካም ግን እንደገና መማር ይኖርበታል። ለዚህም ጊዜ ስጡት፤ እናንተ የሄዳችሁትም ስትመለሱ «ሁሉን አውቃለሁ» አትበሉ።

እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።