ውሃ ቀያሪው ፓምፕ ሁሉንም አይሸከምም፦ በኮራል አኳሪየም የንጥረ ነገር አጨማመር ላይ የቀረበ አስተያየት

ጠንካራ አጽም የሚሠሩ ኮራሎች የሚኖሩበት የጨው ውሃ አኳሪየም በየዕለቱ ሁለት ነገሮች ይጎድሉበታል። አንደኛው ካልሲየም ሲሆን፣ ሁለተኛው አልካሊኒቲ፣ ማለትም በአብዛኛው ከባይካርቦኔት የሚመነጨው አሲድን የመቋቋም አቅም ነው። ኮራሎቹ አጽማቸውን የሚገነቡት ከእነዚህ በመሆኑ፣ የጎደለው ካልተተካ እድገታቸው ይገታል። ከዚህ ጎን ለጎን የሚከማቸውን ቆሻሻ ለመቀነስ ውሃው መቀየር አለበት። ይህን ሥራ ዛሬ ጥንድ ፓምፖች በራሳቸው ያከናውኑታል፤ አንዱ አሮጌውን ውሃ ሲያወጣ ሌላው በእኩል መጠን አዲስ የጨው ውሃ ያስገባል። ከዚህ በመነሳት አንድ ማራኪ ሐሳብ ይቀርባል፤ የሚጎድሉት ንጥረ ነገሮች ሁሉ በአዲሱ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ አስቀድመው ቢጨመሩ፣ ያው ፓምፕ ሁለቱንም ተግባር ይፈጽማል።

ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። የመሣሪያውን ቁጥር ይቀንሳል፤ በእጅ ሲጨመር የሚፈጠረውን መርሳትና መብዛትም ያስቀራል። ሆኖም ጥቅሙ የትኛውን ንጥረ ነገር እንደሚመለከት ሳይለይ ለሁሉም ሲታወጅ፣ ቀላል የሂሳብ ስሌት ይቃወመዋል።

400 ሊትር ውሃ የያዘና በቀን 1 በመቶ፣ ማለትም 4 ሊትር፣ የሚቀየርለት አኳሪየም እንደ ምሳሌ ይወሰድ። ኮራሎቹ በቀን ከእያንዳንዱ ሊትር 0.5 ሚሊ ኢኩቫለንት አልካሊኒቲ ቢወስዱ፣ የቀኑ ፍጆታ 200 ሚሊ ኢኩቫለንት ይሆናል። ይህ ጉድለት በ4 ሊትር ውሃ ብቻ እንዲሸፈን፣ የአዲሱ ውሃ አልካሊኒቲ ከአኳሪየሙ በሊትር በ50 ሚሊ ኢኩቫለንት መብለጥ አለበት። የተፈጥሮ የባሕር ውሃ ያለው ግን በሊትር 2.3 ገደማ ብቻ ነው። ከዚሁ ፍጆታ ጋር የሚሄደው የካልሲየም መጠን በሊትር 10 ሚሊ ግራም በመሆኑ፣ አዲሱ ውሃ በሊትር 1,000 ሚሊ ግራም ትርፍ ካልሲየም መያዝ ይኖርበታል፤ የባሕር ውሃ የሚይዘው 410 ገደማ ነው።

እነዚህ ሁለቱ በዚህ መጠን በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው ሊቆዩ አይችሉም። የባሕር ወለል ውሃ በተፈጥሮው በካልሲየም ካርቦኔት ከሙሌት መጠኑ ያለፈ ነው፤ ዝቃጭ ከመሆን የሚያዘገየው በከፊል በውስጡ ያለው ማግኒዚየም ነው። ክምችቱ በብዙ እጥፍ ሲያድግ ግን ይህ መከላከያ ይሸነፋል፤ ውሃው ነጭ ደፍርሶ ይዘቅጣል፣ ቱቦና ፓምፕም ይደፈናል። ለኮራሎቹ የታሰበው ንጥረ ነገር ከማጠራቀሚያው ሥር ተጋግሮ ይቀራል።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ነው። በቀን 1 በመቶ ውሃ ሲቀየር፣ በማጠራቀሚያው ላይ የተደረገ ማስተካከያ ከሚያስከትለው ለውጥ 63 በመቶው አኳሪየሙ ውስጥ እስኪታይ 100 ቀን ያህል ይወስዳል። በምሳሌው ፍጆታ መሠረት ግን አልካሊኒቲ ሳይተካ ቢቀር በአንድ ቀን ብቻ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይወርዳል፤ ካልሲየም በተመሳሳይ ጊዜ የሚቀንሰው 2.4 በመቶ ብቻ ነው። በፍጥነት የሚለዋወጥን ነገር እጅግ በዘገየ መንገድ መቆጣጠር አይቻልም።

በዝግታ የሚቀንሱት ንጥረ ነገሮች ጉዳይ የተለየ ነው። ማግኒዚየም በቀን በሊትር 1 ሚሊ ግራም ቢቀንስ፣ አዲሱ ውሃ የሚያስፈልገው ትርፍ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ 1,290 ሚሊ ግራም ገደማ ስላለ፣ ይህ ጭማሪ ያለ ችግር ይሟሟል። ስለዚህ ተገቢው የሥራ ክፍፍል ግልጽ ነው፤ ውሃ ቀያሪው በዝግታ የሚቀንሱትን ይሸከም፤ ካልሲየምና አልካሊኒቲ ደግሞ በተለያየ ዕቃ ተቀምጠው በየራሳቸው ፓምፕ ይጨመሩ።

ለተመራማሪ ጉዳዩ ከመሣሪያ ምርጫ ያልፋል። በአሪዞና በባዮስፌር 2 ሰው ሠራሽ ባሕር የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የክሪስ ላንግደንና የባልደረቦቹ ጥናት፣ የሪፍ ማኅበረሰብ ካልሲየም ካርቦኔት የሚገነባበት ፍጥነት ከውሃው ሙሌት ጋር አብሮ እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንግዲህ አጨማመሩ ራሱ የሙከራው ተለዋዋጭ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ፓምፕ ላይ ከተንጠለጠለና ያ ፓምፕ ከቆመ፣ የቆሻሻው ክምችት፣ ጨዋማነቱና አልካሊኒቲው በአንድነት ይናጋሉ፤ ኮራሉ በየትኛው ምክንያት እንደተጎዳ ለይቶ መናገርም ያዳግታል። አንድ ፓምፕ በመቆጠብ የሚገኘው ጥቅም፣ የማይተረጎም ውጤት ከሚያስከትለው ኪሣራ ጋር ሲመዘን ይቀልላል።