ድጋፍ የተቋረጠባቸው ሰርቨሮችና የአነስተኛ ነጋዴዎች ስጋት

በመርካቶም ሆነ በክልል ከተሞች በርካታ የንግድ ቤቶች ሂሳባቸውን የሚይዙት ከዓመታት በፊት በተገዛ አንድ ሰርቨር ነው። የዕቃ ዝርዝሩ፣ የደንበኞች ስምና ስልክ፣ በዱቤ የወጣው ሁሉ እዚያው ነው ያለው። ባለቤቶቹ ለምን እንደማይቀይሩት ሲጠየቁ «እየሠራ ያለን ነገር ለምን እንነካካለን?» ይላሉ። ድጋፉ የተቋረጠ ሰርቨር በእርግጥም አይቆምም፤ እንደ ትናንቱ መሥራቱን ይቀጥላል። አደጋው እንዳይታይ ያደረገውም ይኸው ነው እንላለን።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጃንዋሪ 14/2020፣ ለሰርቨር 2012 የሚሰጠውን ደግሞ ኦክቶበር 10/2023 አቋርጧል (ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለሰርቨር 2012 ከዚያ ወዲህ አፕዴት የሚገኘው በተለየ ክፍያ ሲሆን፣ እሱም ከኦክቶበር 13/2026 አያልፍም። የሰርቨር 2016 ተራ ጃንዋሪ 12/2027 ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ኩባንያው ለአዳዲሶቹ ሰርቨሮች በየወሩ የደህንነት አፕዴት ሲያወጣ፣ የተደፈነው ቀዳዳ የት እንደነበር አብሮ ይታወቃል። ሰርጎ ገቦች አፕዴቱን ከቀድሞው ፕሮግራም ጋር አነጻጽረው ቦታውን ያገኙታል። ያው ቀዳዳ በአሮጌው ሰርቨር ላይም ካለ የሚደፍነው የለም። ለአዲሱ የወጣው መጠገኛ ለአሮጌው የሌባ ጥቆማ ይሆናል ማለት ነው።

ሜይ 12/2017 የተነሳው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በ150 ገደማ ሀገራት ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጥቅቷል። ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻ 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጠሮዎች ተሰርዘዋል። ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ግን ማርች 14 ቀን ወጥቶ ነበር። ከተጠቁት አብዛኞቹ ድጋፍ እያላቸው አፕዴት ያልተደረጉ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው ሁለት ወር ያህል ዕድል ነበራቸው። ድጋፉ በ2015 የተቋረጠውን ሰርቨር 2003 የያዙት ግን አፕዴቱን ያገኙት ጥቃቱ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ያውም ማይክሮሶፍት ከልማዱ ወጥቶ ስለለቀቀላቸው።

በሀገራችን ችግሩን የሚያወሳስበው አንዱ ክራክ የተደረገ ኮፒ ነው። ጫኚው ብዙ ጊዜ አፕዴቱን ዘግቶት ይሄዳል፤ እንዲህ ያለው ሰርቨር ትናንት ቢጫንም ከአሮጌው አይሻልም። ሌላው ፒችትሪ ነው። ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም የቆዩ ኮፒዎቹ ዛሬም በየቢሮው አሉ። «ሰርቨሩ ከተቀየረ ፒችትሪው አይከፍትም» የሚለው ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም። በመሆኑም አሮጌው ሳይነሳ መረጃውን ገልብጦ በአዲሱ ላይ መሞከር፣ የሂሳብ ሠራተኛውም ቁጥሮቹ መግጠማቸውን እንዲያረጋግጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ሰርቨሩን ፋይል ለመጋራት ብቻ የሚጠቀም ድርጅት ደግሞ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበትን ሊነክስ ሊያስጭን ይችላል።

ዋጋው በዚህ የምንዛሪ ሁኔታ ለትንሽ ነጋዴ ከባድ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ማን ስንት ብር እንዳለበት የሚያሳየው መዝገብ ቢቆለፍ የሚከተለው ኪሳራም አብሮ ይታሰብ። የደንበኞች መረጃም አደራ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን ሕጋዊ ግዴታ አድርጎታል።

አዲስ እስኪገዛ ድረስ አሮጌውን ሰርቨር ከኢንተርኔት መንቀል፣ ከውጭ በሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን በርም ማዘጋት ይቻላል። ባክአፑ በውጫዊ ሀርድ ዲስክ ተወስዶ ወዲያው ይነቀል። ተሰክቶ የዋለ ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል።