ከእንጦጦ የባሰው ተራራ



የአገራችን ቴሌቪዥን ታሪክ በተነሣ ቁጥር የምንሰማው አንድ ነው። በ1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መርቀው ከፈቱ፤ ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነበረ፤ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበረ፤ ተፈጸመ። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ያ ቴሌቪዥን የማን ነበረ?

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ይበቃሉ። አዲስ አበባ ያን ጊዜ ውሃዋን ከቡራዩ አጠገብ ካለው ከገፈርሳ ግድብ ትጠጣ ነበር፤ ወተቱና ድርቆሹም ከሱሉልታ ይወርድላት ነበር። ለሰጪዎቹ ምን ተመለሰላቸው? የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይህ ነው።

የለም፥ ጥፋቱ የተራራ ነው የሚሉን አሉ። እርግጥ የቴሌቪዥን ሞገድ በቀጥታ ይጓዛል እንጂ ተራራ ዞሮ አይሄድም፤ ሱሉልታም ከእንጦጦ ጀርባ ናት። ዳሩ ግን ከእንጦጦ የባሰ ተራራ ነበረ። ቴሌቪዥኑ የሚናገረው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲሆን፥ የነዚህ ቦታዎች ገበሬ የሚናገረው ኦሮምኛ ነበር። መሣሪያውንም መግዛት የሚችል ባለጸጋ ብቻ ነበረ። ይህን ተራራ የሠራው እግዚአብሔር አይደለም፤ ሰው ነው።

ድሃ አገር ከአንድ ቦታ መጀመር አለባት የሚሉ መምህራንም ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተሰጠውን የቴሌቪዥን ትምህርት ያስታውሱናል። ይህን አንክድም። ጥያቄያችን ግን ከየት ጀመረ ሳይሆን ወዴት ተመለከተ ነው። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው መምህራን የወሎን ረሃብ በፎቶግራፍ አንሥተው በግቢው ውስጥ ለተማሪ ሲያሳዩ፥ ቴሌቪዥኑ የት ነበር? የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም የእንግሊዝ ሕዝብ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አየ። የኛ ቴሌቪዥን ግን ያሳየው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፥ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ደርግ ለራሱ ጉዳይ ሲፈልገው! በራፉ ላይ ያለውን የሰበታን ገበሬ ያላየ ዓይን፥ ወሎን እንዴት ይይ?

ዛሬ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ያን ዘመን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ግን በየዓመቱ እያለፉብን ነው። ስለዚህ የታሪክና የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የምረቃውን ወሬ መቅዳት ትተው ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ይውረዱ፤ ምን አያችሁ፥ ምንስ ሳታዩ ቀራችሁ ብለው ይጠይቁ። መምህራንም ይህን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይፍቀዱ። ያላየው ሰው ያልተጻፈበት የቴሌቪዥን ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው።