ከሐዋላው በፊት ቦታው ይጠየቅ

ውድ እኅቶቻችን፤

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ (በፈረንጆቹ ኦገስት 2006) ድሬዳዋ ላይ የደረሰውን ጎርፍ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሰው በተኛበት ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ከቤቱ ተፈናቀለ።

ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ ይነግድበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በደጋው በኩል ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ግን ውኃው ቁልቁል ይንደረደራል፤ ከተማው ላይ ሳይዘንብም ሊደርስ ይችላል። እናንተ ባላችሁበት አገር «ዋዲ» የሚሉት ይኸው ነው። በኖቬምበር 2009 ጅዳ ላይ ጎርፍ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በውኃ መውረጃ ላይ የተሠራ ቤት በሀብታም አገርም አይተርፍም።

ከጎርፉ በኋላ በድሬዳዋ ብዙ ተሠርቷል። በወንዙ ግራና ቀኝ መከላከያ ግንብ ቆሟል፤ ከተፈናቀሉትም ከወንዙ ርቆ ቤት የተሰጣቸው አሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ግንብ ብቻውን አይበቃም። ጥቂት ክረምት በደኅና ካለፈ ፍርሃቱ ይረሳል። የወንዝ ዳር ቦታ ደግሞ ርካሽ ነው፤ ለገበያም ይቀርባል። ድሃ እዚያ ቢሰፍር ሊወቀስ አይገባውም፤ ምርጫ አጥቶ ነው።

የእናንተ ቤተሰብ ግን በእናንተ ላብ ትንሽ ምርጫ አግኝቷል። ድሬዳዋም ሁኑ ሌላ የወንዝ ዳር ከተማ፣ ከደመወዛችሁ ቆጥባችሁ ለቤት መሥሪያ የምትልኩ ብዙ ናችሁ። በስልክ የሚጠየቀው ግን «ስንት ቆርቆሮ ቀረ? በሩስ ተገጠመ ወይ?» ነው። ቤቱ የት እንደሚቆም የምትጠይቅ ጥቂት ናት። በእኔ አስተያየት መቅደም ያለበት ይህ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። ቦታው ከወንዙ ምን ያህል ይርቃል? የሰፈሩ ሽማግሌዎች ባለፈው ጎርፍ ውኃው እስከ የት ደረሰ ይላሉ? ቀበሌው ቦታውን ያውቀዋል? ሌሊት ውኃ ቢመጣ ከላይ ካለው መንደር ስልክ የሚደውል ሰው አለ? ልጆቹና አሮጊቷ እናትስ በየት በኩል ይወጣሉ?

«ከሩቅ ሆኜ ብጠይቅ ይቀየሙኛል» የምትል እኅት ትኖራለች። ቅያሜ በይቅርታ ይሽራል፤ የጎርፍ ሐዘን ግን አይሽርም። ደግሞም ብሩን የምትልክ ሰው ምክር የመስጠት መብት አላት። ራቅ ያለው ቦታ ዋጋው ከፍ ቢል ቤቱ በአንድ ክፍል ይነስ። አንድ ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ይጨመራል።

የአራት የአምስት ዓመት ድካማችሁ፣ ከዚያም በላይ የምትደክሙላቸው ሰዎች በአንድ ሌሊት እንዳይሄዱባችሁ፣ ከሐዋላው በፊት ቦታው ይጠየቅ።