አባት ቤቱን ለልጁ ሲሰጥ

ወላጆች ዕድሜያቸው ሲገፋ ቤታቸውን ለልጃቸው መስጠታቸው በአገራችን የቆየና የተመሰገነ ልማድ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፥ ምርቃቱ ወርዶ፥ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ምርቃት ሌላ፥ ሕግ ሌላ መሆኑን ብዙዎቻችን የምንረዳው ጭቅጭቅ ከተነሣ በኋላ ነው።

በቅርቡ ሥራ የያዘ አንድ ባልንጀራችን ከአባቱ ቤት ተሰጠውና ደስታውን አብረነው ተካፈልን። ስሙን ለማዛወር ሲሄድ ግን ቤቱ አባቱ ከዓመታት በፊት ከባንክ ለተበደሩት ገንዘብ በመያዣነት ተመዝግቦ ተገኘ። አባት የቀረውን ዕዳ እንደ ቀላል ነገር ቆጥረው ሳይናገሩ ቀርተዋል፤ ልጅም «ዕዳ አለብዎት ወይ?» ብሎ አባትን መጠየቅ ነውር መስሎት ዝም ብሏል። ክፋት ሳይኖር ሁለቱ ተቀያየሙ።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2443 የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተደረገ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ይኸውም ጽሑፉ በሰጪውና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው ይፈረምበታል ማለት ነው። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ከሆነም፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል።

ዕዳውስ? አበው «ብድር በምድር» ይላሉ። በመያዣነት የተመዘገበ ቤት ባለቤቱ ቢለወጥም መያዣው ቤቱን ይከተለዋል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ደግሞ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ፥ ባንኩ ከ30 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጥቶታል። ያን ጊዜ ልጁ «እኔ አልተበደርሁም» ቢል ቤቱን አያድነውም።

የመንግሥት ድርሻም አለ። በዚያው በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ የባለቤትነት ማስመዝገቢያን ቀረጥ ከሚከፈልባቸው ሰነዶች መካከል ቆጥሮታል። የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅም በወጣ ጊዜ፥ ሕንፃን በማስተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ ከመቶ 15 ግብር ሲጥል፥ ከመተላለፉ በፊት 2 ዓመት ሙሉ ለመኖሪያ ብቻ ያገለገለን ቤት ነፃ አድርጎ ነበር። ስለዚህ የሚከፈለውን አስቀድሞ ከግብር መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል። አንዳንዶች ግን ክፍያውን ለማቅለል ሲሉ ሽያጩን ስጦታ አስመስለው ወይም ዋጋውን አሳንሰው ያጽፋሉ። ያ ወረቀት ነገ ወንድምና እኅት ሲካሰሱ የሚቀርብ ማስረጃ እንደሚሆን አያስቡም።

የወላጅንም ነገር መርሳት አይገባም። ስሙ ሙሉ በሙሉ ከተዛወረ በኋላ ቤቱ የልጁ ነው፤ ልጁ ሊሸጠው፥ ለራሱ ብድር ሊያስይዘውም ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ እንዲኖሩበት፥ ሕጉ በሚያውቀው በአላባ የመጠቀም መብት ለራሳቸው አስቀርተው ቢያጽፉና ቢያስመዘግቡ መልካም ነው።

ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ትምህርቱን የቀመስነው እኛ ነንና በቤተሰብ ጉባኤ ላይ ይህን በአክብሮት ማንሣት የእኛ ፈንታ ነው። ባልንጀራችን በመጨረሻ ከአባቱ ጋር ወደ ባንኩ ሄዶ የቀረውን ዕዳ ከደመወዙ በየወሩ ለመክፈል ተስማማ። አባትም «ቀድመህ ብትጠይቀኝ ኖሮ በነገርሁህ ነበር» አሉት። ጥያቄው ከምርቃቱ በፊት ቢቀርብ ኖሮ ቅያሜው ባልመጣ ነበር።