ከእረፍት በኋላ አሸባሪው ማነው?

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ለቡና ተጠርተን ሄደን ነበር። እንደተለመደው ቶናው ሳይወርድ ወሬው ወደ አገር ቤት ዞረና አራት የማንሞላ ሰዎች ሦስት ቦታ ተከፈልን። ማን ማንን ከዳ፣ ማን ለማን አደረ፣ የትኛው ድርጅት የትኛውን ሸጠ እያልን ድምፃችን ከፍ ሲል፣ ከውስጠኛው ክፍል ደግሞ ከእኛ የባሰ የሚጮህ ሰው ሰማን። የወዳጃችን የ17 ዓመት ልጅ ነው። በጀርመንኛ ያዛል፣ ይለምናል፣ ያስጠነቅቃል። አባትየው ራሱን ነቀነቀና «ይኸውላችሁ እንግዲህ! እኛ ከጠመንጃ ሸሽተን መጣን፣ እሱ እዚህ ጠመንጃ ሲተኩስ ይውላል» አለን።

እኛም ክርክሩ ሰልችቶን ስለነበር ተነስተን ወደ ልጁ ገባን። ማዳመጫውን ካንዱ ጆሮው ላይ አንስቶ በአክብሮት ሰላም አለን። ካውንተር ስትራይክ የተባለውን ጨዋታ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ይጫወታል። አንዱ የቱርክ ልጅ፣ አንዱ ክሮኤሽያዊ፣ አንዱ ጀርመን፣ አንዱ ደግሞ አባቱ አስመራ የተወለደ ነው። ጥቂት እንዳየን ጨዋታው ቆመ። «ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩ፤ ወገን ልንቀያየር ነው» አለን። «እስካሁን እኛ አሸባሪዎቹ ነበርን፤ አሁን ቦምቡን የምናመክነው እኛ ነን።» «ታዲያ እውነተኛው አሸባሪ የትኛው ነው?» ብለን ጠየቅነው። ልጁ ሳቀ። «እውነተኛ የሚባል የለም እኮ ጋሼ። ተራ ነው።»

ይህች «ተራ ነው» የምትል መልስ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሯችን አልወጣችም። ዛሬ የምንጽፈውም ስለ እሷ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባብያን ባጭሩ እናስረዳ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ካውንተር ስትራይክን በ1999 ያወጡት ሚን ሊ የተባለ የቬትናም ተወላጅ ካናዳዊና ጄስ ክሊፍ የተባለ ወጣት ናቸው። ሃፍ ላይፍ የሚባለውን የሌላ ሰው ጨዋታ በትርፍ ጊዜያቸው ለውጠው ሠሩት። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ገዝቶ በ2000 ለገበያ አቀረበው፤ በ2012 እና በ2023 አዳዲስ ትውልድ ወጣለት። አምስት ሰው ባምስት ሰው ይገጥማል። አንደኛው ቡድን «አሸባሪ» ይባላል፤ ከሁለት የታወቁ ቦታዎች ባንዱ ቦምብ ማጥመድ አለበት። ሌላው «ጸረ አሸባሪ» ይባላል፤ እንዳይጠመድ ይከላከላል፣ ከተጠመደም በ40 ሴኮንድ ውስጥ ማምከን አለበት። አንዱ ዙር ቦምብ ካልተጠመደ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የሞተ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ያያል። 12 ዙር ሲያልቅ ወገን ይቀያየራሉ፤ ቀድሞ 13 ዙር ያሸነፈ ቡድን ጨዋታውን ይወስዳል።

ሌላ ዓይነትም አለው። ሁለት ለሁለት የሚገጥሙበት አለ። ሁሉም በየፊናው እየሮጠ ያገኘውን ሁሉ የሚተኩስበት፣ የሞተውም ወዲያው ተነስቶ እንደገና የሚተኩስበት አለ። ልጁ ስለዚህኛው «እጅ ማፍታቻ ነው እንጂ ዋናው ጨዋታ አይደለም» አለን። እኛ ደግሞ የስደት ፖለቲካችን ትዝ አለን።

ቀልዱ ይቆየን። «አሸባሪ» የምትለዋን ቃል እኛ እንደ ልጁ በቀላሉ የምናልፋት አይደለችም። በ2009 የወጣው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ስንት ብዕር እንደሰበረ እናውቃለን። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በ2012 የ18 ዓመት እስራት የተፈረደበት በዚሁ አዋጅ ነው። በ2011 የተወካዮች ምክር ቤት ግንቦት 7ን፣ ኦነግንና ኦብነግን አሸባሪ ብሎ ሰየመ። ያን ምክር ቤት ይመራ የነበረው ኢሕአዴግ፣ የኢሕአዴግም አውራ ሕወሓት ነበር። በ2018 ሦስቱ ድርጅቶች ከመዝገቡ ተፋቁ። በ2021 ደግሞ ምክር ቤቱ ራሱን ሕወሓትን፣ ከሸኔ ጋር፣ አሸባሪ ብሎ ሰየመው። በ2023 ሕወሓትንም ፋቀው። በ10 ዓመት ውስጥ ሰያሚው ተሰያሚ ሆነ ማለት ነው። እኛም ወገን ተቀያየርን!

ታዲያ ከልጆቹ ጨዋታ በምን ተለየን? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ልጆቹ ወገን እንደሚቀያየሩ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ያውቃሉ። ስለዚህ የመጫወቻውን ካርታ የሚሠራው ሰው አንደኛውን ወገን ብቻ የሚጠቅም መንገድ አይሠራም፤ ቢሠራም ተጫዋቹ ራሱ ይጮህበታል፣ ነገ በዚያ በኩል የሚቆመው እሱ ነውና። «በአሸባሪው ላይ ሕጉ ይጥበቅልን» የሚል ቡድን የለም። እኛ ግን የተቀያየርነው ሳናውቀው፣ ሳንስማማበት፣ በደም ነው። ሥልጣን ላይ የተቀመጠ ሁሉ የመጀመሪያው ግማሽ የማያልቅ መስሎት አዋጁን ያጠብቃል። አባቶቻችን «ጉድጓድ አትማስ፣ ብትምስም አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» ያሉት እኮ ይህንኑ ነው። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕግ አድርገው የሚኖሩበት ግን እነዚህ ተረቱን ሰምተው የማያውቁ ልጆች ሆኑ።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢ በነበርንበት ዘመን ርዕሰ አንቀጹ «እኛ» እያለ ይናገር ነበር። ያ «እኛ» ማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። «ጸረ ሰላም ኃይሎች» የሚለው ሐረግ ከበላይ ሲመጣ ነጠላ ሰረዙን አስተካክለን ወደ ማተሚያ ቤት እንልከው ነበር። ሐረጉ አንድ ቀን እኛን ይመለከታል ብሎ ያሰበ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ተሰደን በወጣን ማግሥት እኛም በዚያው ሐረግ ተጠራን። ጉድጓዱን ስናርቅ እንደነበርን ያን ጊዜ ገባን።

«ጨዋታው ግድያ ነው፣ ምን ያስመሰግነዋል?» የሚሉ ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን። ስጋታቸው የዋዛ አይደለም። እዚህ ጀርመን በኤፕሪል 2002 በኤርፉርት ከተማ ከትምህርት ቤቱ የተባረረ ተማሪ 16 ሰው ገድሎ ራሱን ሲያጠፋ፣ ጣት የተቀሰረው በካውንተር ስትራይክ ላይ ነበር። በ2009 በቪነንደን አንድ ወጣት 15 ሰው ሲገድልም ክርክሩ እንደገና ተነሳ፤ አንዳንድ ከተሞች የታቀዱ የጨዋታ ዝግጅቶችን ሰረዙ። ይሁን እንጂ ለወጣቶች ጎጂ የሆኑ ጽሑፎችንና ጨዋታዎችን የሚመረምረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በግንቦት 2002፣ ኤርፉርት ገና በሐዘን ላይ እያለች፣ ጨዋታውን መርምሮ ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ላለማስገባት ወሰነ። ሕግ አውጪው በበኩሉ እውነተኛውን ጠመንጃ አየ፤ ለስፖርት ተኩስ መሣሪያ መያዣ ዕድሜውን ከ18 ወደ 21 አሳደገው፣ የወጣቶች ጥበቃ ሕጉንም አሻሻለ። በሐዘን መካከል ቆሞ መመርመር ማለት ይህ ነው።

ነውሩንም አንደብቅም። የመሣሪያ ቀለም በገንዘብ ይሸጣል፤ በእሱም ላይ ቁማር ተቋቁሞበት ስንት ልጅ የኪስ ገንዘቡን በልቶበታል። የጥቁር ልጅ ድምፅ ሲሰሙ የዘር ስድብ የሚወረውሩ አሉ። ሌሊቱን ሲጫወት አድሮ ጧት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋም አለ። ይህን ሁሉ ግን በርቀት ሆኖ በመራገም አናስተካክለውም። ልጁ ሲሰደብ አባቱ ሳሎን ተቀምጦ ስለ አራት ኪሎ የሚከራከር ከሆነ፣ ልጁ ለማን ይንገር?

ወደ ሕጋቸው እንመለስ። የተሸነፈ ቡድን ባዶ እጁን አይቀርም፤ በተከታታይ ሲሸነፍ ለሚቀጥለው ዙር መሣሪያ መግዣ የሚሰጠው ገንዘብ ይጨምርለታል። ደግነት አይደለም፤ ተቃዋሚው ከጠፋ ጨዋታው እንደሚጠፋ ስለገባቸው ነው። ከውድድር በፊት ሁለቱ ቡድኖች ከሰባት ካርታዎች ተራ በተራ የማይፈልጉትን ይሰርዛሉ፤ ሜዳውን አንዱ ብቻውን አይመርጥም። በትልልቆቹ ውድድሮች አንድ ጊዜ የተሸነፈ አይባረርም። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ያልፋል፣ ሦስት ጊዜ የተሸነፈ ይሰናበታል፤ በየመካከሉም ያሸነፈ ካሸነፈ፣ የተሸነፈ ከተሸነፈ ይገጥማል። ውድድሩ ሁሉ ተቀርጾ ይቀመጣል፤ «እንዲህ አላልኩም፣ እንዲህ አላደረግኩም» ማለት አይሠራም። ጨዋታ የሸጠም ይቀጣል። በ2015 ቫልቭ በአሜሪካ ከአንድ ከተሸጠ ግጥሚያ ጋር የተያያዙ ሰባት ሰዎችን፣ ዝነኞች ቢሆኑም፣ ከሚደግፋቸው ውድድሮች አግዷል።

እስቲ ይህን ከእኛ ማኅበራት ጋር አነጻጽሩት። በእኛ ዘንድ በምርጫ የተሸነፈ ሊቀመንበር ማኅተሙን ይዞ ይወጣና ያንኑ ስም የያዘ ሌላ ማኅበር ያቋቁማል። ፖለቲካው ይቅር፤ ኳሱስ? በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እንኳ በ2012 ሰዎቹ ተከፍለው አንዱ በዳላስ፣ ሌላው በዋሽንግተን ዝግጅት አደረገ። ኳስ ለማየት እንኳ ወገን መምረጥ ግድ ሆነብን።

ፍራንክፈርት ያለን ሰዎች ይህን የምንመለከትበት አንድ ቦታ አለን፤ በጫካው ውስጥ ያለው ትልቁ ስታዲየም ነው። በ2014፣ በ2015 እና በ2016 እዚያ ውስጥ ዶታ 2 የተባለው፣ ይኸውም አምስት ባምስት የሚገጥሙበት፣ ጨዋታ ዓለም አቀፍ ውድድር ተካሂዷል፤ ካውንተር ስትራይክ ደግሞ ኮሎኝ ላይ ከ2015 ጀምሮ የታወቀ አዳራሹን አግኝቷል። በዚሁ ስታዲየም ኦክቶበር 31 ቀን 2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ መጥተው በሺዎች የሚቆጠር ኢትዮጵያዊ ከመላው አውሮፓ ተሰበሰበ። ያን ቀን ተቃቅፈን ያለቀስን ሰዎች ነበርን። ሁለት ዓመት እንደሞላ ጦርነት መጣና ዛሬ ብዙዎቻችን በባቡር ጣቢያ ስንተያይ መንገድ እንቀይራለን። ለዚያ ቀን እንባችን ሕግ አልነበረውም፤ እረፍት መቼ እንደሚሆን፣ ከእረፍት በኋላ ምን እንደሚሆን የተስማማ አልነበረም።

በዚያው ኦክቶበር ወር፣ መቀመጫው ከስታዲየሙ ብዙም የማይርቀው የጀርመን ኦሊምፒክ ስፖርት ኮንፌዴሬሽን እነዚህ ጨዋታዎች ስፖርት ተብለው እንዲታወቁ የቀረበውን ጥያቄ አልቀበልም አለ። ጠያቂዎቹ ከአንድ ዓመት በፊት እዚሁ ፍራንክፈርት ፌዴሬሽናቸውን የመሠረቱ ሰዎች ነበሩ። ተሸነፉ፤ ነገር ግን ማኅበራቸውን ይዘው ክርክራቸውን ቀጠሉ። የ12ኛው ዙር ሽንፈት የጨዋታው መጨረሻ እንዳልሆነ ከማንም በላይ እነሱ ያውቁታል።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። በየበጋው በአውሮፓ ከተሞች እየተዘዋወረ የሚካሄደው የስፖርትና የባህል ፌስቲቫላችን ለእነዚህ ልጆች አንድ አዳራሽና አሥር ኮምፒዩተር ይስጣቸው። ከ16 ዓመት በታች ያለ አይግባ፤ ቁማርና ስድብ ደጅ ይቅር። ቡድኑ በየከተማው ይሁን እንጂ በየዘሩና በየድርጅቱ አይሁን። ዳኞቹ ልጆቹ ራሳቸው ይሁኑ፤ ሕጉን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ውድድሩን ባማርኛ የሚያስተላልፍ አንድ ልጅ ከተገኘማ፣ ስንት ዓመት በቅዳሜ ትምህርት ቤት ያልተሳካልንን ባንድ ቀን አገኘነው። እኛ ወላጆች ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ እንቀመጥ። አፋችንን ዘግተን እንይ።

አንዳንዱ «አገር እየነደደ ስለ ጌም ይጻፋል ወይ?» ይለን ይሆናል። አገር የሚነደው እኮ የያዝነውን ወገን ለዘላለም የያዝነው ስለሚመስለን ነው። ልጆቻችን ከስብሰባዎቻችን የቀሩት አገራቸውን ስለጠሉ አይመስለንም። በእኛ ስብሰባ ላይ ተሸንፎ መቀመጥ፣ ተራ ጠብቆ መናገር፣ ከእረፍት በኋላ በሌላው በኩል ቆሞ ማየት ስለማይቻል ነው።

የዚያን ዕለት ከወዳጃችን ቤት ስንወጣ ልጁ 13 ለ11 ተሸንፎ ነበር። አልተሳደበም። ለተጋጣሚዎቹ «ጥሩ ጨዋታ» የምትል አጭር ቃል ጻፈና ለሚቀጥለው ተዘጋጀ። ሳሎን ውስጥ የነበሩት ሁለት ወዳጆቻችን ግን ሳይሰነባበቱ ሄደዋል።

ልብ ይስጠን።